ያለ ጨርቅ የሚታሰር ጨረቃ

አትባራ፣ ሙሐረም 1433

ለልጄ ለዶክቶራ ኢጅላል ኸደር፤ ካርቱም።

ሰላምታዬ ከአትባራ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ተነስቶ መንገድ ላይ ሳይጉላላ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ጆሮዬ ያው ነው። ዕድሜ ልኩን ሎኮሞቲቭ ሲጮህበት የኖረ ጆሮ በስተርጅና አይድንም። ስለዚህ በስልክ አትጥሪኝ። ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቼ "ምን አለች? ምን አለች?" እያልኩ የልጄን ነገር በሰው አፍ መስማት አልወድም። ጻፊልኝ። የአውቶቡሱ ሾፌር ጃደላ ወረቀት አይጥልም።

ጥያቄሽን አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። "የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ራስ በሜትር ለክተው ይላኩልኝ" ይላል። ወንድምሽ ታጁ ልጁን ተስኒምን አቅፎ ካርቱም ድረስ የመጣው እግሯ ስላበጠ ነው። አንቺ እግሩን ትተሽ ራስ ላይ ወጣሽ። እኔ ኸደር ወድ-ኢማም፣ የጣቢያ ሹም የነበርኩ ሰው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከቤት ቤት ልዙር? "ና እስቲ፣ ጎንበስ በል፣ ጭንቅላትህን ልለካው" ልበል? ሰዉ አበደ ይለኛል፤ እውነቱንም ነው።

የኛ ራስ ደግሞ ሜትር አያሻውም። አትባራ ያውቀዋል። ጥምጣማችን ከሌላው ሰው ጥምጣም በአንድ ክንድ ይረዝማል። ጨረቃውንስ ረሳሽው? አያቴ ለገዛ ሠርጉ በራሱ ልክ በብር ቀለበት ላይ ያሠራውን የወርቅ ጨረቃ፣ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ግንባሩ ላይ ሊያስረው ከኛ ይዋሳል። ታዲያ ሌላው ሰው ውስጡ ጨርቅ ካልጠቀጠቀበት ዓይኑ ላይ ይወርድበታል። ያለ ጨርቅ የሚያስሩት የወድ-ኢማም ልጆች ብቻ ናቸው። ታጁ በሠርጉ ቀን "ኧረ ጠበበኝ!" ሲል እልልታው እስከ ድልድዩ ተሰማ። ይህን ነው አንቺ በሽታ ልትይው ያማረሽ?

በዘር የሚወረስ ሕመም አለ ወይ ላልሽው፣ የለም። አባቴ ጥርሱ ሳይወልቅ በእርጅና ሞተ። አጎቶቼም እንደዚያው። አንድም የታመመ የለም።

አክስትሽ ረውዳ "ልጄ ከስታ እንደሆነ ጠይቅልኝ" ብላለች። መልስሽን ሳትጠብቅ ግን እንደከሳሽ ወስና ደረቅ ኪስራ እንጀራና ተምር በጃደላ ልካለች። ተስኒምን ሳሚልኝ።

አባትሽ ኸደር


ካርቱም፣ ሙሐረም ማለቂያ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ያስቆጣዎትን ነገር እደግመዋለሁ፤ አመሌን ያውቁታል፣ ከማን እንደወረስኩትም ያውቃሉ።

በታጁ በኩል ለጠየቁኝ ልመልስ። አይ፣ እግሯ አይቆረጥም። አትባራ ላይ ሁለቴ በቢላዋ የወጣው እብጠት ሁለቴም ተመልሶ የመጣው ስቡና የደም ሥሩ ያለ ልክ ስለሚያድግ ነው። አሁንም ሦስተኛ ጊዜ እንቁረጠው የሚሉ አሉ፤ እኔ ቁሙ አልኩ። ፕሮፌሰራችን አንድ ስም ሰጡት፤ ሌላው ሐኪም ሌላ ስም ሰጠው። ሁለቱም በዓለም ላይ እምብዛም የማይታዩ በሽታዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሐኪሞች ልጅቷን እንጂ አባቷን አላዩም።

እኔ ግን አየሁት። ነርሷ ለተስኒም የልጆቹን ክፍል ኮፍያ ብታደርግላት ብታደርግላት አልገባ አለ። ታጁ "የኛ ራስ ነዋ!" ብሎ ደረቱን ነፋ። እኔም የእርስዎ ልጅ ነኝና ልኮራ ስል ኩራቱ አፌ ላይ ቀረ። "አፍህን ክፈት" አልኩት። ድዱ ላይ እንደ ማሽላ ፍሬ የተደረደሩ ጥቃቅን እባጮች አሉ። የእርስዎም ድድ እንደዚያ ነው፤ ልጅ ሆኜ ጭንዎ ላይ ተቀምጬ ሲስቁ ሳየው ሁሉም አባት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ትልቅ ራስ ማንንም አይገድልም። አብሮት የሚመጣ ሌላ ነገር ካለ ግን ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛው ደምዎ ነው። ሁለተኛው ይከብድዎታል። አባትዎንና አጎቶችዎን ቆጠሩልኝ፤ ሴቶቹን አልቆጠሩልኝም። አክስቴ ሲት-አልባናት ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። ምን ሆና ነው የሞተችው?

ለአክስቴ ረውዳ ከስቻለሁ በሏት፤ እንዲህ ካላሏት ኪስራው ይቆምብኛል።

ልጅዎ ኢጅላል


አትባራ፣ ረቢዕ አል-አወል

ለዶክቶራ፣

ዶክቶራ ያልኩሽ ተቆጥቼ ስለሆነ ነው።

ደሜን ልኬአለሁ። የክሊኒኩ ነርስ የደም ሥሬን ፈልጋ ብታጣው "አይዞሽ ልጄ፣ ውጊው" ብያታለሁ። ራሴንም ለካሁ፤ በሬን ዘግቼ። ስልሳ ሁለት። ነርሷ ነግሬያት "ማሻ አላህ" ብላለች። ሌላው ሰው ከፈለገ ራሱ ይለካ።

ድዴንም በመስታወት አየሁት። ረውዳ ደርሳ አገኘችኝ። "ምነው ኸደር፣ ጥርስ ልታወጣ ነው እንዴ?" አለችኝ። ለመላው ሰፈር ነገረች። አሁን ሱቅ ስሄድ "ጥርሱ ወጣ ወይ?" ይሉኛል። ይህም ባንቺ ምክንያት የመጣብኝ ነው።

ሲት-አልባናት በትኩሳት ሞተች። የሰው ዓይን ነው የበላት፤ መልኳን ብታስታውሺው ይገባሽ ነበር። ያገባች ሴት ነበረች፤ የሞተችውም በባሏ ቤት ነው። የሴት ልጅ ገመና በአውቶቡስ ተጭኖ አይሄድም። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ተስኒም ማታ ማታ እግሯን ያማታል ወይ? ታጁ አያማትም ይላል፤ ታጁን አላምነውም።

ኸደር


ካርቱም፣ ጁማዳ አል-አወል

ይድረስ ለአባዬ፣

ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። አዎ፣ ያማታል፤ ግን ስታለቅስ ሰው እንዲያያት አትፈልግም። እዚህ ካለው ሕፃን ሁሉ ኩሩ እሷ ናት።

መልሱ መጣ። ደማችሁን ወደ ውጭ ልከን ነበር፤ ትናንት ወረቀቱ ደረሰ። ሐኪሞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁና "እኔ ተሳስቼ ነበር፤ ኢጅላል ትክክል ናት" አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው በሆስፒታሉ የለም። አባዬ፣ ኮርቻለሁ። እያፈርኩም እየፈራሁም ኮርቻለሁ። እነሱ ትክክለኛ ስሙን ያላገኙለትን ነገር ስሙን ሰጠሁት።

ነገሩ ይህ ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ "ይበቃል፣ አሁን እድገት አቁም" የሚል አንድ ዘረመል አለ። ለባቡር ሰው ፍሬን ልበልዎት። በኛ ቤት ይህ ፍሬን ላልቷል። ራሳችን የተለቀው፣ ድዳችን የጎረበጠው፣ የተስኒም እግር ያበጠው በዚህ ነው። ከወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ ሊደርስም ላይደርስም ግማሽ ለግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይመርጥም። ተስኒም አላት። ታጁ አለው። ወደ ታጁ የመጣው ደግሞ ከእርስዎ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ላለሳልሳት ብዬ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ፤ አልለሰልስ አለችኝ።

እንድጽፍ ያስገደደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፍሬኑ የላላባቸው ሰዎች አንገታቸው ላይ እንቅርት ሊወጣባቸው፣ እሱም ሊከፋ ይችላል። ሴቶቹ ደግሞ ከሌላ ሴት ይልቅ በጡት ነቀርሳ ይያዛሉ፤ ገና በወጣትነታቸው። ቀድሞ ከተገኘ ይድናል። ዘግይቶ ከተገኘ አይድንም።

አክስቴ ረውዳ ከአባትዎ ልጆች የቀረችው ብቸኛዋ ሴት ናት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የጠበቀችኝ እሷ ናት። እሷን በትኩሳት ማጣት አልፈልግም። ዝርዝር አይጻፉልኝ፣ ስም አይጥሩልኝ። ሲት-አልባናት ትኩሳት ነበረባት ወይስ አልነበረባትም? ያን ብቻ።

ልጅዎ ኢጅላል


አትባራ፣ ረጀብ

ለልጄ ለኢጅላል፣

መልሴን አቆየሁብሽ፤ ይቅር በይኝ። ወረቀትሽን በጀላቢያዬ ኪስ ይዤው ሰነበትኩ። ጃደላ እየመጣ "ዛሬም ደብዳቤ የለም?" ሲል ባዶ እጁን እመልሰው ነበር።

ከኔ ነው የመጣው ስላልሽው አትጨነቂ። በኔ ጣቢያ ያለፈ ባቡር ሁሉ በኔ ፊርማ ነው ያለፈው፤ አንዱንም ክጄ አላውቅም። ይሄንንም አልክድም።

ትኩሳት አልነበረባትም። ጡቷ ነው። እኔ የሰማሁት ሕመሙ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ፊቷን በቶቧ ሸፍና፣ "ኸደር፣ ሰው እንዳይሰማ። ልጆቼን የሚያገባቸው ያጣሉ" አለችኝ። ማልኩላት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሜ "ትኩሳት ነው" አልኩት። የአባቴ እህትም ወጣት ሆና በ"ትኩሳት" ነው የሞተችው ይባላል። ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። አሁን ሳስበው የኛ ቤት ሴቶች ትኩሳት በዛባቸው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሲት-አልባናት ልጃገረድ ሳለች እናታችን ገበያ ሄዳ ጨረቃውን ከሣጥን አውጥታ ግንባሯ ላይ አሰረችው። አንገረብ አልጋው ላይ ወጥታ ስትጨፍር ደረስኩ። ጨረቃው አልወረደባትም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናታችን ደርሳ በጥፊ መታቻት፤ "የሙሽራ ነው፣ የወንድ ነው" ብላ። ከዚያ ወዲህ ሴት በራሷ ላይ አስራው አታውቅም፤ ሴት ላይ ቆሞ እንደነበርም ማንም አላነሳውም። ዘመናችንን ሁሉ ሙሽሮችን ብቻ እያየን "የወንዶቻችን ራስ" ስንል ኖርን። ሴቶቹ ያገቡና በባላቸው ቤት ይሞታሉ፤ እኛ እንቀብራቸዋለን፣ ግን አንቆጥራቸውም። ስለዚህ አንድም የታመመ የለም ብዬ ስጽፍልሽ የዋሸሁሽ አልመሰለኝም ነበር። ልጄ፣ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

መሐላዬን አፈረስኩ። ሲት-አልባናት ይቅር የምትለኝ ይመስለኛል፤ ከሁላችንም አብልጣ የምትወደው ረውዳን ነበር።

ረውዳን ካርቱም ሂጂና ታዪ አልኳት። "ቶቤን የሚያስወልቀኝ ሐኪም ገና አልተወለደም!" አለች። ስለ እህቷ እውነቱን ብነግራት ጫማዋን ወረወረችብኝ፤ ሳተችኝ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አሁንም እምቢ ብላለች።

ግን የሙዐዝ ሠርግ በሻዕባን ነው። ለታናሽ ወንድምሽ ጨረቃውን የምታስርለት እንደ ወጉ እሷ ናት። አንድ ነገር አስቤአለሁ። ዘዴ አለኝ።

አባትሽ


ካርቱም፣ ሻዕባን መግቢያ

ይድረስ ለአባዬ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ መስኮቱ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። አላህ ለሲት-አልባናት ይዘንላት። እርስዎንም ይጠብቅልኝ። ያን መጻፍ ምን እንዳስከፈለዎት አውቃለሁ፤ የማንም ሰው ልጅ ከመሆን የእርስዎ ልጅ መሆኔ ያኮራኛል።

ዘዴዎን በጃደላ አፍ ሰማሁት፤ እሱም እየሳቀ ነው የነገረኝ። ልከለክልዎት አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ይያዙልኝ። ጨረቃው ሐኪም አይደለም። የቆመለት ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ቁርጡን የሚናገረው ደም ነው። የቆመለት ሰው ግን ደሙን ይስጥ። ማንንም አያስፈራሩ፤ ማንንም አያሳፍሩ።

ለሠርጉ መምጣት አልችልም። ይህን ስጽፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ለጥቂት ቀን ከሆስፒታል መውጣት አይሆንልኝም። ሙዐዝ እንዳይቀየመኝ፤ ድርሻዬን እልልታ አክስቴ ታድርስልኝ፣ ከኔ ድምፅ የሷ ይበልጣል።

ለምን ሌላ ሰው አይተካሽም ብለው እንዳይጠይቁኝ።

ልጅዎ ኢጅላል


አትባራ፣ ሻዕባን ማጋመሻ

ለልጄ ለኢጅላል፣

ሠርጉ አለፈ። እግሬ አብጧል፤ ይሄ እንኳ ከዘር ሳይሆን ከጭፈራ ነው።

ስሚኝ። ሂናው ተቀብቶ፣ ሙዐዝ ቀይ ሐሩን ለብሶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ ረውዳ ጨረቃውን ከፍ አድርጋ ስትመጣ እኔ ተነሳሁ። "ቆይ!" አልኩ። "ዘንድሮ ይህ ጨረቃ ሙሽራው ላይ ከማረፉ በፊት በወድ-ኢማም ዘር ሁሉ ራስ ላይ ለበረካ ይዞራል። ሴቱም፣ ወንዱም፣ ትልቁም፣ ትንሹም።" አንዱ ከኋላ "ሰውዬው ጥርስ ካወጣ ወዲህ ተለወጠ" አለ። ሳቁ። ሲስቁ ነገሩ ቀለለኝ።

ከወንዶቹ ጀመርኩ። ከዚያ የአጎቶችሽ ሴት ልጆች መጡ፤ መጀመሪያ እየተሽኮረመሙ፣ በኋላ እየተጋፉ። የወደቀበት ይሳቅበታል፤ የቆመለት እልል ይባልለታል። ከሴቶቹ ሦስቱ ላይ ቆመ። ሰዉ ማሻ አላህ ሲል እኔ ስማቸውን በልቤ እይዝ ነበር። በኋላ ለየብቻ ጠርቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ደማቸውን ይሰጣሉ።

ከዚያ ሙዐዝ። ረውዳ አሰረችለት። ወደቀ። ዓይኑን ሸፈነው። ደግማ አሰረችው፣ ደግሞ ወደቀ። የወድ-ኢማም ልጅ ሠርግ ላይ ጨረቃ ሲወድቅ አትባራ አይታ አታውቅም። ልጁ ፊቱ ደም መሰለ። "አባዬ፣ ምን ጉድ ነው?" አለኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እንባዬም መጣ። ሰዉ ያዘንኩ መስሎት ሊያጽናናኝ ተሯሯጠ። ቀይ ሐር ጨርቅ ቀድጄ በገዛ እጄ ጠቀጠቅሁለት። በሕይወቴ እንደዚያ ጨርቅ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ረውዳ ሁሉንም ቆማ ታያለች። ሞኝ አይደለችም። ሠርገኛው ወደ እራት ሲዞር ጨረቃውን ከሙዐዝ ራስ ላይ አንስታ "አሁን ተራው የማን ነው?" አለችኝ። ቶቧን ወደ ኋላ ገፍታ፣ ሽበቷን አውጥታ፣ ራሷ አሰረችው። ቆመ። ራሷን ወዘወዘችው፣ አልነቃነቅ አለ። መሐል ገብታ ጨፈረች፤ ልጄ፣ ልክ እንደዚያች እንደ አንገረቧ ልጅ ነው የጨፈረችው። ስትጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ደንቆሮ መሆኔን ታውቃለችና እየጮኸች፣ "ለሐኪሟ ጻፍላት፤ እመጣለሁ። ግን ወንድ ሐኪም አጠገቤ እንዳይደርስ!" አለች። ግማሹ ሠርገኛ ሰማት።

ሐሙስ በጃደላ አውቶቡስ ትመጣለች። ተቀበያት።

አባትሽ ኸደር


ካርቱም፣ ረመዳን

ይድረስ ለአባዬ፣

ጾሙ ይቅለልዎት። መልሱን ለማወቅ እንደቸኮሉ አውቃለሁና በቀጥታ እጽፈዋለሁ። እባጯ አለች። በቀኝ ጡቷ በኩል፣ አክስቴ ራሷ በእጇ ዳብሳ ልታገኘው የማትችል፣ የምስር ፍሬ የምታህል። ወጣች። ሌላ ቦታ አልደረሰችም። ሴት ሐኪም ናት ያወጣችላት፤ አክስቴ ግን "እጇ ልጅ ነው፣ ዳቦ አቡክታ አታውቅም" ብላ አማረረችባት። አሁን የታማሚዎቹ ክፍል ሹም ሆናለች። የማንን መድኃኒት ማን እንደዘለለ ታውቃለች። ፕሮፌሰሩ ሲገቡ "አንተ ነህ የተሳሳትከው?" አለቻቸው። እሳቸውም "አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ" አሉ።

ዘግይታ መጥታ ቢሆን ኖሮ ምን እንጽፍ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። እርስዎ ነዎት ያዳኗት፤ በጥፊ የተመታችውን ልጅ አስታውሰው።

ይህን እንድጽፍ አክስቴ አዝዛለች፤ ቃል በቃል ነው፦ "ለዚያ ለግትር ወንድሜ በይልኝ፤ ጫማዬ የሳተህ ስለምወድህ ነው። ሁለተኛ አልስትም። ኪስራውን ጎረቤት እንዳታስጋግር፣ ዱቄቴን ታበላሻለች።"

ተስኒም እድገቱን የሚያዘገይ መድኃኒት ጀምራለች፤ እብጠቱ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ አልጨመረም። በሁለት እግሯ ኮሪደሩን እየሮጠች ነርሶቹን ታስቸግራለች። ፕሮፌሰሩ የቤታችንን ታሪክ በሐኪሞች ጉባኤ ላይ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። እርስዎ ካልፈቀዱ አላቀርበውም።

ስለኔ ለጠየቁኝ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ይበዛል።

ልጅዎ ኢጅላል


አትባራ፣ ሸዋል፤ ከኢድ ማግስት

ለልጄ ለኢጅላል፣

ኢድ ሙባረክ። ፈቅጃለሁ። ስማችንንም ከነአባታችን ጥሪው፤ "አንድ ቤተሰብ" እያልሽ እንዳትሸፋፍኚው። ወድ-ኢማም በይ። ሲት-አልባናትንም በስሟ ጥሪያት፤ ሴት ልጆቿን ጠይቄ እሺ ብለዋል፤ አንዷ እንዲያውም "ስሟን በዚያ ጉባኤ የሰማ ሰው ይኮራባት" ብላ አለቀሰች።

ረውዳ ተመልሳ መጣች። ወፍራለች፤ ኩራቷም ወፍሯል። ስላንቺ ግን ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። ረውዳ ወሬ ስትቀይር ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም። ጃደላም በሠርጉ ሰሞን አንገትሽን በሻሽ ጠምጥመሽ እንዳገኘሽ አጫወተኝ። በዚያ በካርቱም ሙቀት። ጉንፋን ነው አልሽው አሉ።

ልጄ፣ ጆሮዬ እንጂ ልቤ አልደነቆረም። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ለግማሽ ነው ብለሽ ጽፈሽልኛል። ስለ ታጁ ጻፍሽ፤ ስለ ሙዐዝ እኔ ጻፍኩልሽ። ልጆቼ ሦስት ናቸው። ስለ ሦስተኛዋ አንድም ቃል የጻፈልኝ የለም። እኔን እንዳይከፋኝ ብለሽ ብቻሽን አልጋ ላይ ተኝተሽ ከሆነ፣ ስላልነገርሽኝ ተቀይሜሻለሁ፤ ስለቻልሽው ደግሞ ኮርቼብሻለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የያዝኳቸው።

በቃል እንድትመልሺልኝ አላስገድድሽም። ጨረቃውን በጃደላ ልኬልሻለሁ። ሙሽራ ሆኖ የማያውቅ ሰው አያስረውም ሲባል ኖሯል፤ እኔ የቤቱ አባወራ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሽሬዋለሁ። ከመላው ዘራችን ይህ ራስ ምን እንደያዘ ያወቀው ያንቺ ራስ ነው። የሙዐዝን ቀይ ጨርቅ አብሬ አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ፤ ምናልባት ካስፈለገሽ። እንዲያስፈልግሽ ስጸልይ ነው የሰነበትኩት። እሰሪውና ጻፊልኝ።

አባትሽ


ካርቱም፣ ሸዋል

ይድረስ ለአባዬ፣

እጅዎን እስማለሁ። አንገቴ ላይ የነበረው እንቅርት በቀዶ ጥገና ወጥቷል፤ ውስጡ ያለው መክፋት ሳይጀምር ነው የደረስንበት። በየጊዜው እታያለሁ፣ እንደ አክስቴ። የሙዐዝን ሠርግ የሰማሁት አልጋ ላይ ሆኜ ነበር፤ ታጁ ከሠርጉ ቤት ስልኩን ከፍቶልኝ፣ አክስቴ በኔ ፈንታ እልል ስትል።

ጨረቃው ደረሰ። ተስኒም መስታወት ያዘችልኝ። ካሰርኩት በኋላ ወንበር ላይ ወጥታ እልል አለች፤ ነርሶቹም ተከተሏት፤ ፕሮፌሰሩ ሳይቀሩ ብቅ ብለው አጨበጨቡ። እኔም ደረቴን ነፋሁ አባዬ፤ ይህን ጊዜ አፌ ላይ የቀረ ነገር የለም። በጉባኤው ቀን የምጠራው ስም ሁሉ እዚያ ግንባሬ ላይ ነበር።

ቀዩን ጨርቅ በጃደላ መልሼልዎታለሁ። ለሙዐዝ ልጆች ያስቀምጡላቸው።

ልጅዎ ኢጅላል